የዲማው ተማሪና ያልተጻፈው ዕዳ

ትጉህ ሰው ከተመኘው ሳይደርስ አይቀርም የሚለው እምነት በሀገራችን ሥር የሰደደ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ፥ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲመክር፥ ሹም በምረቃ ቀን ንግግር ሲያደርግ ሁሉም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። እምነቱ ክፉ አይደለም፤ ስንፍናን ያርቃል፤ ብዙውን ሰው ከወደቀበት አንሥቷል። ነገር ግን ሙሉ እውነት ነውን? ወይስ የእውነት እኩሌታ? ይህን ለመመርመር ከረጅም ክርክር ይልቅ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ይሻላል ብለን ስላሰብን፥ ለዛሬው እሑድ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በመጀመሪያ፥ ከገጠር ካህን ቤት ተነሥተው እስከ ሚኒስትርነት የደረሱ ትጉህ ተማሪ ነበሩ። ሁለተኛም፥ ትጋቱ የትም ያላደረሰውን የሌላ ተማሪ ታሪክ ጽፈው ያወረሱን እርሳቸው ናቸው። የተሳካለት ሰው ስላልተሳካለት ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ በልጅነታቸው የተማሩበት የቢቸና አገርና ጎረቤቱ ሞጣ፥ ስለ ድካምና ስለ ዋጋው ራሳቸውን የቻሉ ምስክሮች ናቸው።

ከእንዶዳም እስከ ዲማ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፥ በጎዛምን፥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለው ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው አባ ዓለማየሁ ሰሎሞን ካህን ነበሩ፤ እናታቸውም ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። የካህን ልጅ እንደመሆናቸው መጠን የመጀመሪያ ትምህርታቸው የቤተ ክህነቱ ትምህርት ሆነ። ፊደል ቈጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ እውቀት ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ተዘዋወሩ። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ከነዚህም ውስጥ ደብረ ወርቅና ዲማ የሚገኙት በቀድሞው የቢቸና አውራጃ ነው።

በዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ለዛሬ ወጣት ማስታወስ ያስፈልጋል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ስለ እመቤታችን ስም እያለ በየደጁ ይለምናል። የሚያድረው ራሱ በሠራት ጠባብ የሣር ጎጆ ነው። ሌሊት ተነሥቶ የተማረውን ይቀጽላል፤ ቀን ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። በቅኔ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ዘአምላኪየን፥ ሚ በዝኁን፥ ዋዜማንና ሥላሴን አልፎ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ትናንት የተቈጠረ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ በየዕለቱ አዲስ መቍጠር ግድ ነው። በስንፍና የሚዘለቅ ትምህርት አልነበረም።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ተማሪው ለመምህሩ ገንዘብ አይከፍልም፤ መምህሩም ገንዘብ አይጠይቅም። ታዲያ የትምህርቱን ወጪ የቻለው ማን ነው? የቻለው የእነማይና የእነብሴ፥ የደብረ ወርቅና የዲማ ዙሪያ ገበሬ ነው። የራሱ ልጅ ከብት ጠባቂ ሆኖ ሳለ፥ ለማያውቀው የሩቅ አገር ልጅ ከምጣዱ ላይ እንጀራ እየቈረሰ የሰጠው እርሱ ነው። በዓመት ምን ያህል እንጀራ እንደ ወጣ የመዘገበ የለም። ደረሰኝ አልተቈረጠም፤ ዋስ አልተጠራም። የቅኔ ተማሪ ዕዳ ያልተጻፈ ዕዳ ነበር።

ከትምህርቱ በኋላስ? ለዚህ የሞጣን ጊዮርጊስ መመልከት ይጠቅማል። ይህን ደብር በጎንደር ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ሲተክሉትም እንደ ዘመኑ ልማድ ለካህናቱና ለደብተሮቹ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ተሰጥቷል። ስለዚህ የተማረ ሰው ድርሻ ካገኘ ለቤተ ክርስቲያኑ እያገለገለ በመሬቱ ይኖራል። ይሁን እንጂ መሬት እንደ ቅኔ በየቀኑ አዲስ አይፈጠርም። ድርሻው የተቈጠረ፥ በአባትና በልጅም የሚተላለፍ ነበር። እውቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ባለ ርስት፥ ሌላው መንገደኛ ሆኖ ይቀራል። ድርሻ ያላገኘው ወይ ለባለጸጋ ልጅ አስተማሪ ይሆናል፥ ወይ ደብዳቤ ጸሐፊ፥ ወይ እድሜ ልኩን ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ይኖራል። የሁለቱን ዕድል የለየው ትጋት ሳይሆን ቦታ ነበር።

በር የተከፈተበት ዘመን

ወጣቱ ሐዲስ ከዚህ ጠባብ መንገድ የወጡት ወደ አዲስ አበባ በመምጣታቸው ነው። በመጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው በደብረ ማርቆስ አስተማሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ሐዲስ ዓለማየሁ ዐሥር ዓመት ቀድመው ቢወለዱ ኖሮ በተማሪነት ዕድሜያቸው ያ ትምህርት ቤት አልተከፈተም ነበር። ትጋታቸው ያው ነው፤ ልቡናቸውም ያው ነው፤ ግን ምናልባት የዲማ ወይም የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ሆነው ይቀሩ ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ ታላቅ ክብር ነው። ዳሩ ግን ከደጃፉ ያደረሳቸው ትጋታቸው ሲሆን፥ በሩን የከፈተላቸው ዘመኑ መሆኑን መካድ አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ የመከራ ጊዜ ነበር። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ተሰለፉ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም ወደ ምዕራብ ዘልቀው ትግሉን ሲቀጥሉ ቆይተው፥ በ1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በተያዙ ጊዜ አብረው ተማረኩ። ወደ ኢጣልያም ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ለሰባት ዓመት ያህል ከአገራቸው ርቀው ከቆዩ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ነፃ ወጡ። የወጣትነታቸው ምርጥ ዓመታት በእስር አለፉ።

ሲመለሱ ያገኙት አገር የተማረ ሰው እጅግ የተራበ አገር ነበር። ከጦርነቱ በፊት ተምረው ከነበሩት ጥቂት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ፥ በተለይም በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፥ በጠላት እጅ ተገድለዋል። መሥሪያ ቤቶች እንደ ገና ሲቋቋሙ ወንበሩ ብዙ፥ የሚቀመጥበት ግን ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ከሞት የተረፈው ሁሉ ለትልቅ ኃላፊነት ተፈለገ። ሐዲስ ዓለማየሁም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገብተው በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በዋሽንግተን ሠሩ፤ በኋላም በለንደን አምባሳደር ሆኑ። በትምህርት ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት አገለገሉ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆኑ።

የእንዶዳሙ የካህን ልጅ ይህን ያህል መውጣቱ ለአገር ኩራት ነው። ከዚህ ታሪክ ግን ሁለት ዓይነት ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አንደኛው፥ እርሳቸው ከደረሱ ሁሉም መድረስ ይችላል፤ ያልደረሰ ሰነፍ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ እርሳቸው ሲደርሱ ከእርሳቸው ጋር በዲማ ጉባኤ የተቀመጡት ሌሎች ትጉሃን የት ቀሩ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የመረጡት ሁለተኛውን ነው።

በዛብህ ለምን ቀረ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። በእርግጥም የፍቅር ታሪክ ነው። ነገር ግን ከፍቅሩ በታች ሌላ ታሪክ ተቀብሯል፤ እርሱም የተማሪ ዕዳ ታሪክ ነው።

በዛብህ ከማንኩሳ የተወለደ የድኻ ልጅ ነው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ በሕይወት እንዲቆይላቸው ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሳሉት። እንግዲህ ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ፥ ሳይበደርና ሳይፈርም፥ ባለዕዳ ሆነ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ትምህርቱም ለዚሁ ዕዳ መክፈያ ተሰጠው። በዛብህ ግን አላጕረመረመም፤ ተማረ፤ ተጋ፤ በትምህርቱ ላቀ፤ በዲማም ስሙ ታወቀ። ከዚያም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ትልቁ ግቢ ተጠራ።

ትጋቱ እስከዚያ አደረሰው። ወደ ግቢው የገባው ግን አስተማሪ ሆኖ እንጂ እኩያ ሆኖ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ የሚመዝኑት አጥንት እንጂ እውቀት አልነበረም፤ እውቀት ደግሞ አጥንት አይለውጥም። የበዛብህ ቅኔ ቢመጥቅ፥ ድምፁ ቢያምር፥ ጠባዩ ቢመሰገን የዘር ሐረጉን ሊያስረዝምለት አልቻለም። ልጅቱን በፊታውራሪው ፊት ሊጠይቅ ቀርቶ ሊያስባት እንኳን ሞት የሚያስፈርድ ድፍረት ነበር። ፍጻሜውን አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው አንደግመውም።

ይህን መጽሐፍ የጻፉት ሰው ትጋትን የሚንቁ ቢሆኑ ኖሮ በዛብህን ሰነፍ አድርገው በሣሉት ነበር፤ ውድቀቱም ከስንፍናው መጣ ተብሎ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። እርሳቸው ግን ምንም እንከን የማይወጣለት ተማሪ አድርገው ሣሉት። ይህም የሆነበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው። ተማሪው ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ከወደቀ፥ ጥፋቱ የሚፈለገው ከተማሪው ሳይሆን ከሥርዐቱ ነው። ጉዱ ካሣም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሚሟገተው ስለዚሁ ነገር ነበር፤ ሰዎች ግን እብድ አሉት።

የሞጣና የቢቸና ገበሬ

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ትጉህ ወገን አለ፤ እርሱም ገበሬው ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች የተለመደውን እየከፈሉ ሲኖሩ፥ ከልማዱ በላይ የሆነ መተያያ በተጠየቁ ጊዜ አንገብርም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ተነሡ፤ ሊቀጣቸው የዘመተውንም ፊታውራሪ ማረኩት። መጽሐፉ ሲታተም ይህ ልብ ወለድ ነበር።

ሁለት ዓመት አልቆየም። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 255 ወጣ። በሐሳቡ ብቻ ስናየው አዋጁ ፍትሕ የጎደለው አልነበረም፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል የሚል ነበርና። ነገር ግን ግብር በወረቀት ላይ አንድ ነገር ነው፤ በገማቹ እጅ ደግሞ ሌላ ነው። የጎጃም ገበሬ ገማቹ የማያውቀውን ምርት ቈጥሮ ይጭንብኛል ብሎ ፈራ። ከሁሉም በላይ፥ ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን በቃላድ ይለካል፥ ርስቴንም ያናጋል ብሎ ተጠራጠረ። በዓመት ውስጥ ያለውን ሥራ ሁሉ፥ ማረሱን፥ ማረሙን፥ ማጨዱንና መውቃቱን፥ ሳያጓድል የሚፈጽም ሰው ነበር። የድካሙ ፍሬ ግን የራሱን ጎተራ ሳይሞላ የሌላውን ሲሞላ መኖሩን ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ሞጣ ተነሣ፤ ቢቸና ተነሣ፤ ዳሞትም ተከተለ። ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ነገሩን በኃይል ለማብረድ ሞከሩ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ያም ሆኖ ገበሬው አልተንበረከከም። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መታተም አመፁን አመጣው ለማለት አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የዚያን አገር እንጀራ የበሉ ሰው ስለ ነበሩ፥ እንጀራውን የጋገረው ሰው በልቡ የያዘውን ያውቁ ነበር ማለታችን ነው። ያልተጻፈው ዕዳ ከተከፈለበት መንገድ አንዱ ይህ ይመስለናል፤ የመገበን ገበሬ ትዝብት በመጽሐፍ አስቀመጡት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱም መጽሐፉን በሬዲዮ ባነበበው ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረውም ሰው የራሱን ታሪክ ለመስማት በቃ።

ከሞጣና ከቢቸና ነገር አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይገኛል። ውዝፉ ተማረ፤ የመሬቱና የግብሩ ሥርዐት ግን ወዲያው አልተለወጠም። ዕዳ መሠረዝና ዕዳን የወለደውን ነገር መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው በአንድ ቀን ቃል ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ትውልድ ይጠይቃል።

የተመራቂው ዕዳ

ከሐዲስ ዓለማየሁ በኋላ የተነሡት ተማሪዎች ዕዳቸውን በሌላ መልክ አወቁት። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪው ምግቡንና መኝታውን ከመንግሥት ያገኝ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ደንብ ተጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግል ጀመር። ብዙው ያስተምር ነበር። ይህ ዕዳን በጉልበትና በእውቀት መክፈል ነው፤ ገንዘብ የለበትም። ብዙዎቹም የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቍጥር 91 የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ደነገገ። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 ከመቶውን፥ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ ይሸፍን ነበር። ከተመረቀ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየከፈለ ዕዳውን ያወርድ ነበር። ያልተጻፈው ዕዳ እነሆ ተጻፈ፤ ውል ተፈረመበት።

ለደንቡም የሚናገርለት ነገር አለው። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ልኮ የማያውቅ የሞጣ ገበሬ በሚከፍለው ግብር የሌላው ልጅ ተምሮ ባለ ደመወዝ ሲሆን፥ ከደመወዙ ጥቂት ይመልስ ማለት ከፍትሕ የራቀ አይደለም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቆየን ሰዎች ይህን ዕዳ ፈርመናል፤ መክፈሉንም አንጠላውም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ደንቡ የታሰበው ተመራቂ ሁሉ ደመወዝ ያገኛል በሚል ግምት ነው። ደመወዙ ከሌለስ?

በሐዲስ ዓለማየሁ ዘመን ወንበሩ ብዙ፥ የተማረው ጥቂት ነበር ብለናል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ወንበሩ ግን በዚያ ልክ አልበዛም። የቢቸናው ልጅ እንደ በዛብህ ሌሊት ተነሥቶ አጥንቷል፤ ፈተናውን አልፏል፤ ጥቁር ካባውን ለብሶ ተመርቋል። ከዚያም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም፥ ለአንድ የሥራ ቦታ የዓመታት ልምድ ሲጠየቅ፥ አሠሪ ሲያጣ ይታያል። በሬ ሸጠው ያስተማሩት አባቱ ምን ጐደለህ ብለው ይጠይቁታል። የሚመልሰው የለውም፤ የጐደለው ከእርሱ ዘንድ አይደለምና።

ሰነፍ ተመራቂ የለም አንልም፤ ሞልቷል። በሰነፉ ሰበብ ትጉሁን መውቀስ ግን የፊታውራሪ መሸሻን ሚዛን ማንሣት ነው። ፊታውራሪው ለበዛብህ ያልፈቀዱት አጥንት የለህም ብለው ነበር። የዛሬው ሚዛን ደግሞ አጥንትን በዘመድ፥ ዘርን በትውውቅ ለውጦ እንደ ሆነ መመርመር የሁላችን ፈንታ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከሥራ ዓለም ከወጡ በኋላም ብዕራቸውን አልጣሉም፤ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፥ «የልምዣት»ንና «ትዝታ»ን ጽፈው አበረከቱልን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው። የወጪ መጋራቱ ደንብ በወጣ በሚቀጥለው ዓመት፥ በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ። እነሆ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

ከሕይወታቸው የምንማረው ትጋት ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም፤ ያለ ትጋት እርሳቸውም ከእንዶዳም አይወጡም ነበር። የምንማረው ትጋት ከደጃፍ እንጂ ከአዳራሽ እንደማያደርስ፥ በሩንም የሚከፍተው ሌላ እጅ መሆኑን ነው። ስለዚህ በሩ የተከፈተለት ሰው በጉልበቴ ብቻ ገባሁ ብሎ አይመካ፤ አኩፋዳውን የሞላለትን ገበሬ ያስብ። በውጭ የቀረውንም ሰነፍ ነህ ብሎ ከመስደቡ በፊት፥ በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑን ዞር ብሎ ይመልከት።